ታሪክ መጻፍ ለምትፈልጉ፦ አምስት ልምምዶች



ለመጽሔታችን የሚመጡትን አጫጭር ታሪኮች ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አብዛኞቹ አንድ ታሪክ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጁ ከገጠር ይመጣል፣ ጊቢ ይገባል፣ መጥፎ ጓደኛ ይይዛል፣ ሶላት ይተዋል፤ በመጨረሻው አንቀጽ መኪና ይገጨውና ሆስፒታል ተኝቶ ተውበት ያደርጋል። ይህን የምለው በማንም ለመሳቅ አይደለም። የኔም የመጀመሪያ ታሪክ ይኸው ነበር፤ የኔዋ መኪና አይሱዙ ነበረች።

ችግሩ መልእክቱ ላይ አይደለም። ተውበትም ሞትም እውነት ናቸው። ችግሩ ልጁ ሰው አለመሆኑ ነው። ስም አለው እንጂ የሚወደው ምግብ፣ የሚያፍርበት ነገር፣ የሚናፍቀው ሰው የለውም። ሶላት የሚያሳልፍ አንባቢም «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ምክሩ ሊደርሰው የታሰበው ሰው ሳይደርሰው ይቀራል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንመልስ። ብዙዎቻችሁ «ልብ ወለድ ያው ውሸት አይደል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ነሕው የቀራችሁ «ሙልሐቱል ኢዕራብ»ን ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ የበስራው አል-ሐሪሪ (በ516 ሂጅራ የሞቱት) 50 መቃማዎችንም ጽፈዋል። መቃማዎቹ የፈጠራ ታሪኮች ናቸው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አቡ ዘይድ በንግግሩ ሰው እያማለለ ገንዘብ የሚሰበስብ ብልጣብልጥ ነው። አል-ሐሪሪ «ዋሽተሃል» የሚላቸው ሰው እንደሚመጣ ስላወቁ በመግቢያቸው አስቀድመው መልስ ሰጥተዋል፤ በእንስሳት አንደበት የሚነገሩ ተረቶችን ማን ነቀፈ የሚል ነው ሐሳቡ። ውሸታም ሰሚው እንዲያምነው ይፈልጋል። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ግን ታሪኩ የተፈጠረ መሆኑን አውቆ ነው የሚቀመጠው። በአማርኛም ስሙ ራሱ አይደብቅም። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። ስለ ፍርዱ ዝርዝር የሚፈልግ ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ፤ እኔ የማወራው ስለ አጻጻፉ ነው።

ስለ አቡ ዘይድ አንድ ነገር ልጨምር። እሱም በመጨረሻዋ፣ በ50ኛዋ መቃማ ተውበት ያደርጋል። ግን ከዚያ በፊት 49 መቃማ ሙሉ አብረነው ቆይተናል፤ ስቀንበታል፣ ተናደንበታል። የኔ ልጅ የተመለሰው በአንድ ገጽ ውስጥ ነበር።

ወደ ልምምዶቹ ልለፍ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል።

1. ዓይን

ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ ስትመጡ ታክሲ ውስጥ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና አንድ ሰው ተመልከቱ። ዶርም ስትደርሱ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «አዘነ»፣ «ተደሰተ»፣ «ጨነቀው» የሚሉ ቃላት ክልክል ናቸው። በዚህ መስመር ማረሚያ ቤት ላለ ሰው ስንቅ የሚያደርሱ እናቶችን ሁላችንም እናያለን። «ሴትየዋ በጣም አዝናለች» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እንዲህም ይቻላል፦

«ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ረዳቱ ሒሳብ ሲላት ወደ ጎን ልታስቀምጠው አለችና ተወችው። ‹ልጄ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አንተው አውጣው› አለችው።»

ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የለካነውን እንጽፋለን፤ ድምዳሜው በኋላ ይመጣል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ድምዳሜውን ለአንባቢው መተዋችን ብቻ ነው።

2. ዕቃ

ቁርአን ልብ ወለድ አይደለም፤ ሐቅ ነው። ሐቅን እንዴት እንደሚተርክ ማስተዋል ግን ይጠቅመናል። ሱረቱ ዩሱፍ 111 አያ ናት። ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይመጣባታል። መጀመሪያ ወንድሞቹ የውሸት ደም ነክተው ለአባታቸው ያቀርቡታል። ቀጥሎ ከኋላ በኩል መቀደዱ የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ንጽሕና ያሳያል። በመጨረሻ የያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ፊት ላይ ሲጣል ዓይናቸው ይበራል። ለውሸት የቀረበው ነገር ለእውነት ይመሰክራል፣ ከዚያም ብስራት ይዞ ይመጣል።

አንድ ዕቃ ምረጡ፦ የተማሪ መታወቂያ፣ የአባት ጋቢ፣ ሙስበሓ፣ ከቤት የመጣ የበሶ ዕቃ። ታሪካችሁ ውስጥ ሦስት ቦታ አስገቡት፤ በእያንዳንዱ ቦታ ትርጉሙ ይለወጥ። ሲለወጥ ግን አታስረዱ።

3. ንግግር

ሰው የሚፈልገውን ነገር በቀጥታ የሚናገረው አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ሰዎች የሚያወሩበት ግማሽ ገጽ ጻፉ፤ አንዱ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ስሙን ግን አይጠራውም። ለምሳሌ ልጅ እናቱ ጋ ሲደውል፦

«በላህ ወይ ልጄ?»
«በላሁ እማ።»
«ምን በላህ?»
«ያው የካፌ ነው። በሬው ተሸጠ እንዴ?»
«የት ተሸጠ፣ ገበያው ቀዝቅዟል። ምነው?»
«ኧረ ምንም፤ እንዲያው ነው የጠየቅኩት።»

ብር የሚል ቃል የለም፤ ግን ሁለቱም ስለ ብር እንደሚያወሩ ያውቃሉ። ስትጨርሱ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍናችሁ ለጓደኛ አንብቡለት። ማን ምን እንዳለ ካልለየ ሁሉም ሰው በእናንተ አንደበት እያወራ ነው።

4. የማንወደው ሰው

ሱብሒ የማይነሳውን ልጅ ከውስጡ ሆናችሁ ጻፉት። አትፍረዱበት፣ አትከራከሩለትም። አላርሙን ሲያጠፋ እጁ ምን ይነካል? ጓደኞቹ ውዱእ አድርገው ሲወጡ ዓይኑን ጨፍኖ ምን ይሰማል? የተኛ እያስመሰለ መሆኑን ማን ያውቅበታል? ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻውን አንቀጽ ሰርዙት። አብዛኛውን ጊዜ እሱ አንቀጽ ኹጥባ ነው። ኹጥባ የራሱ ክቡር ቦታ አለው፤ ሚንበሩ ላይ።

5. ሲትር

ይህን ልምምድ ያስተማረኝ ጥፋቴ ነው። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ፈተና ወድቆ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲያለቅስ ሰምቼው ነበር። ጻፍኩት። ስሙን ቀየርኩ፣ ትውልድ ቦታውን ቀየርኩ። ብርድ ልብሱን ግን አረንጓዴ እንደሆነ ተውኩት፤ የሚያጉተመትማትን ቃልም እንዳለች ተውኳት፤ ምክንያቱም ቆንጆ ነበረች። ታሪኩ ሲዞር ዶርማችን ውስጥ ያላወቀው ሰው አልነበረም። እሱ ምንም አላለኝም። ለጥቂት ሳምንታት ግን ሶፍ ውስጥ ከኔ ጎን አይቆምም ነበር።

ሰውየውን የሚያውቅ ሁሉ ከለየው፣ ስም መቀየር ከጊባ አያድንም። ሰው ተማምኖ አጠገባችን ተኝቶ ያሳየንን ነገር የመግለጥ መብት የለንም። ስለዚህ ልምምዱ ይህ ነው፦ ከምታውቁት ሰው ስሜቱን ብቻ ውሰዱ። ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ለውጡ። ፈተና የወደቀው ልጅ ልቅሶ ለአንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ይሰጥ፤ ሌሊቱ ቀን ይሁን። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባለቤቱ ቢያነበው ራሱን ያገኛል ወይስ ይጋለጣል? የሚጋለጥ ከሆነ አታውጡት፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

በመጨረሻ ስለምን እንጻፍ ለምትሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህን የትምህርት ዓለም ስናነብ፣ የቆሎ ተማሪ ሆነን የማናውቅ እኛ እንኳ ሕይወቱን አብረን የኖርን ይመስለናል። የኖሩትን ስለጻፉ ነው። የእኛ ቁርአን ቤትስ? ሉሕ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጣት ላይ የሚቀር የጥላሸት ቀለም፣ ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት ከሰዓት መድረሳ የሚሮጥ ልጅ፣ ኪታብ ፍለጋ ከሸኽ ሸኽ የሚዞር ደረሳ፤ እኔ ባነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ እነዚህን የማገኘው በጣም ጥቂት ቦታ ነው። ይህን ያየነው እኛ ነን። በአይሱዙ የሚገጭ ልጅ ስንፈጥር ጊዜያችንን ማባከናችን የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ከአምስቱ አንዱን ሠርታችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ስጡ። እርስ በርስም ጮክ ብላችሁ ተነባበቡ፤ ምላስ የሚሰናከልበት ዓረፍተ ነገር መታረም ያለበት ነው።

ያ ጓደኛዬ አውፍ ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። አሁንም ጎን ለጎን እንሰግዳለን። ደብተሬን ሳወጣ ግን እስከ ዛሬ ወሬውን ያቋርጣል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።