አጭር፣ ለስላሳ፣ ልክክ ያለ፦ ለዕረፍት ዋና የሚሆን ፊን

ለጥቂት ቀን ዕረፍት ወደ ሻርም ኤል ሼክ፣ ወደ ኤላት ወይም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ከባሕር ዕቃዎች መካከል ቀድሞ የሚያስበው የዓይን ማስኩንና መተንፈሻ ቱቦውን ነው። በእግር የሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ፊን የሚባለው፣ መጨረሻ ላይ ይታወሳል፤ ሲገዛም ብዙ ጊዜ በቀለሙ ወይም በርዝመቱ ይመረጣል። ረጅሙ ያፈጥናል፣ ውዱ ይሻላል የሚለው ግምት ለዚህ ዕቃ አይሠራም። በዓመት አንዴ፣ ያውም ለሳምንት ያህል፣ በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፎ ኮራልና ዓሣ ለሚያይ ሰው የሚበጀው አጭር፣ ለስላሳና ከእግሩ ጋር ልክክ ያለ ፊን ነው።

የሰው እግር ለመሬት የተሠራ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚገፋው ውኃ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ተራግጠን ትንሽ እንሄዳለን። ፊን የእግርን ስፋት ጨምሮ ብዙ ውኃ በዝግታ ወደ ኋላ እንዲገፋ ያደርጋል። ብዙ ውኃን በዝግታ መግፋት ጥቂቱን በጥድፊያ ከመግፋት ያነሰ ጉልበት ይፈጃል፤ የዕቃው ጥቅም ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ግን በእግር ይከፈላል። ጠፍጣፋው ክፍል በረዘመና በጠጠረ ቁጥር የውኃውን ግፊት የሚሸከሙት ባትና ቁርጭምጭሚት ናቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ጥልቅ የሚወርዱ ጠላቂዎች 80 እና 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ፊን ያጠልቃሉ፤ እግራቸውን ለዚያ ያሠለጠኑ ናቸው። ያልለመደ ሰው ያንን አጥልቆ ሲዋኝ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ ብስክሌተኛ ይሆናል። ጥቂት እንደሄደ ባቱን ይይዘዋል፤ ከዳርቻ ርቆ ባት መያዝ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ዕቃ ታሪክ አጭር ቢሆንም ለገዢ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ በኋላ አሜሪካን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው፣ ቦስተን ውስጥ ልጅ ሳለ አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ያላቸው ሞላላ የእንጨት ገበታዎች ሠርቶ በእጁ ይቀዝፍ ነበር። ከውስጥ እግሩ በታችም ሰንደል መሰል ነገር አስሮ ሞክሯል፤ ይኸኛው ግን አላረካውም። ዋናተኛው የሚገፋው በውስጥ እግሩ ብቻ ሳይሆን በእግሩ ጎንና በቁርጭምጭሚቱም መሆኑን አስተውሎ ነበር። ዛሬም በእንቁራሪት ዋና እግሩን ወደ ጎን እየከፈተ የለመደ ሰው ፊን ሲያጠልቅ ግራ የሚጋባው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊን የሚሠራው እግር ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ነው።

ዘመናዊውን ፊን ያበጀው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ሉዊ ደ ኮርልዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያውን ሙከራውን ለባልደረቦቹ አሳየ፣ በ1933 ደግሞ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ኦወን ቸርችል የተባለ አሜሪካዊ፣ በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በሸራ ጀልባ ውድድር ወርቅ ያገኘ ሰው፣ በአሜሪካ ማምረት ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ጠላቂዎች የእሱን ፊኖች አጥልቀው ዘመቱ። እነዚህ የቀድሞዎቹ ተረከዝን በማሰሪያ የሚይዙ ነበሩ። ተረከዝን ጭምር እንደ ጫማ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት በሰፊው የታወቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፌራሮ ለክሬሲ ኩባንያ በነደፈው ሮንዲኔ ነው። ዛሬም መደብር ውስጥ ገብተው የሚያገኟቸው እነዚሁ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ ማሰሪያ ያለውና ሙሉ ጫማ ያለው።

ለዕረፍት ዋና ሙሉ ጫማ ያለውን እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ በባዶ እግር ይጠለቃል፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ማሰሪያ ያለውን የሚያስመርጠው የመግቢያው ቦታ ነው። ዳርቻው ድንጋያማ ከሆነ፣ እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት ካሉበት፣ ወፍራም ሶል ያለው የኒዮፕሪን ቡትስ አድርጎ በእግር መግባትና ፊኑን ከላዩ ማሰር ያስፈልጋል። ቀይ ባሕር ውስጥ ድንጋይ የሚመስለው መርዛማው ስቶንፊሽ ስላለ በባዶ እግር መርገጥ አይመከርም። በኤላት የኮራል ቢች ጥብቅ ስፍራ ግን ወደ ውኃው የሚገባው ከድልድይ ላይ ነው፤ እዚያ ሙሉ ጫማው ይበቃል። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚመጡትን ዌል ሻርኮች ለማየት የሚገባው ከጀልባ ነው። እዚያ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ዌል ሻርክ ሲዋኝ ዝግ ያለ ይምሰል እንጂ ለሰው ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አጭሩን ትቶ መካከለኛውን ርዝመት መያዝ ይሻላል፣ ለስላሳነቱ ግን አይቀር።

ከርዝመትም ከዓይነትም በላይ ልክ ይበልጣል። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ልኩ ካልሆነ ዕቃው ከንቱ ነው። ሙሉ ጫማ ያላቸው ፊኖች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በጥንድ ቁጥር ነው፤ 39–40፣ 41–42 እየተባለ። ቁጥሩን አምኖ መግዛት አይበቃም፣ የአንዱ አምራች 41 ከሌላው ጋር አይገጥምምና። ተቀምጠው ያጥልቁት። ጣቶችዎ ሳይታጠፉ ይዘርጉ፤ እግርዎን አንሥተው ሲያወዛውዙ ተረከዙ አይንሸራተት። አምስት ደቂቃ ያህል እንዳደረጉት ይቀመጡ፤ ያን ጊዜ የሚቆረቁር ቦታ ካለ ባሕር ውስጥ ቆዳ ይልጣል። በሁለት ቁጥር መካከል ከሆኑ ትልቁን ወስደው ቀጭን የኒዮፕሪን ካልሲ ይጨምሩበት፤ ጠባቡ በጊዜ ይሰፋል ብለው አይጠብቁ። ውኃ እግርን ስለሚያሙለጨልጭ ደረቅ መደብር ውስጥ ትንሽ የላላ የመሰለ ፊን ባሕር ላይ ከእግር ሊወልቅ ይችላል።

ከዚያ ጫፉን በእጅዎ ይጫኑት። ከመሐሉ ወዲያ በቀላሉ ጎብጦ ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት። ከሥሩ ብቻ የሚታጠፍ ወይም ጨርሶ የማይበገር ከሆነ ይተውት። ርዝመቱን በተመለከተ፣ ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የሚያጥር ፊን ከእርስዎ ጋር ይሳፈራል። ከመሐል ስንጥቅ ያለባቸው ሞዴሎችም አሉ፣ ለእግር ይቀላሉ፤ ለሳምንት ዕረፍት ግን የዋጋ ጭማሪያቸውን የሚያህል ጥቅም አይታየኝም።

ጉዞው ነጠላ ከሆነ መከራየትም ጥሩ ነው። በቀይ ባሕር የመዝናኛ ከተሞች ኪራይ በቀላሉ ይገኛል። ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ካለ ማስኩን ይግዙና ፊኑን ይከራዩ፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ በኪራይ ማግኘት የበለጠ ያስቸግራል። የተከራዩትን ፊን ማሰሪያና የጎማውን ስንጥቅ ሳያዩ ግን አይውሰዱ። የገዛ ሰው ደግሞ ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቀው፣ በጥላ ያድርቀው፤ ጠፍጣፋው ወድቆ እንዲጎብጥ አድርጎ አያስቀምጠው።

ከጉዞው በፊት መለማመድ ብዙ ያተርፋል። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ኃላፊውን አስፈቅዶ መሞከር ይቻላል፤ የላንጋኖ ቡናማ ውኃም ዓሣ አያሳይ እንጂ እግር ያለማምዳል። እግርን ከዳሌ ጀምሮ፣ ጉልበትን በጥቂቱ ብቻ አጥፎ፣ በዝግታ ማወዛወዝ ነው። ፊኑ ውኃ ውስጥ ይቆይ፤ ገጹን እየመታ ሲያንቦጫርቅ ጉልበት ይባክናል፣ ዓሣውም ይሸሻል። መሬት ላይ ፊን አድርገው መራመድ ካለብዎ ወደ ኋላ ይራመዱ። ባትዎን ከያዘዎ በጀርባዎ ተንሳፈው የፊኑን ጫፍ ወደራስዎ ይሳቡ፣ ጡንቻው ይላቀቃል።

ኮራሉንም አደራ እላለሁ። ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ ድብልብሎቹ የኮራል ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የፊን ጫፍ በአንድ ምት የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል። አጭር ፊን እዚህም ይረዳል፣ የእግርዎ መጨረሻ የት እንደሆነ ለማወቅ ይቀላልና። ማስክዎን ለማስተካከል ብለው ኮራል ላይ አይቁሙ።

ዋና ለማይችል ሰው ግን የምለው ሌላ ነው። ፊን ዋና የሚችለውን ያግዛል እንጂ የማይችለውን አያንሳፍፍም፤ ከእግር ቢወልቅ ሰውየው ከነበረበት ይገኛል። ዋና የማይችሉ ከሆነ መጀመሪያ ዋና ይማሩ፤ እስከዚያው የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው፣ ከሚዋኝ ሰው ጋር ሆነው፣ ከዳርቻው ሳይርቁ ይመልከቱ። የሚችሉም ቢሆኑ ብቻዎን አይግቡ።