በ83 ሣጥን የታሸገ ምስክርነት

አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ የታገሉ ሰዎች የሰጡት ቃል ለአሥርት ዓመታት ተቆልፎበት ኖሯል። ቃሉን የሰበሰበው በጥር 1947 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቋቋመው የወታደራዊ ታሪክ ቢሮ ነው። ያቋቋመው የመከላከያ ሚኒስትር ኦስካር ትሬይነር ራሱ የቀድሞ ታጋይ ነበር።

የጦር መኮንኖችና የመንግሥት ሠራተኞች ታጋዮቹን እየፈለጉ አነጋገሩ። የሰሙትን በጽሑፍ አሰናዱ፤ ባለታሪኩም አንብቦ ፈረመበት። እስከ 1957 ድረስ 1,773 ምስክርነቶች ተሰበሰቡ፤ ሰነዶችና ፎቶግራፎችም ታከሉበት።

ከመስካሪዎቹ አንዷ ግሬስ ጊፈርድ ናት። ከ1916ቱ የፋሲካ ሰሞን አመፅ መሪዎች አንዱ የሆነውን ጆሴፍ ፕላንኬትን በኪልሜናም እስር ቤት ጸሎት ቤት ያገባችው፣ ሊረሸን ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ኔድ ብሮይ ደግሞ በደብሊን ፖሊስ ውስጥ እየሠራ የምስጢር ወረቀት ከታጋዮቹ መሪዎች አንዱ ለነበረው ለማይክል ኮሊንስ ያቀብል ነበር። በሚያዝያ 1919 አንድ ሌሊት ኮሊንስን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አስገባው። የሚታደነው ሰው አዳኞቹ ስለ እሱና ስለ ጓዶቹ የጻፉትን ሁሉ ቁጭ ብሎ አነበበ! ከጦር ሜዳ ጀብዱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

በ1959 ሰነዱ በ83 የብረት ሣጥኖች ታሽጎ በመንግሥት ሕንፃ ተቀመጠ። መስካሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው እንደማይወጣ ቃል ተገብቶላቸው ነበርና፣ ለሕዝብ የተከፈተው በመጋቢት 2003 ነው። የታሪክ ምሁራን በመቆለፉ አዝነዋል፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። የገደለውን ሰው ስም፣ የጠቆመውን ጎረቤት ማንነት ጎረቤቱ እየሰማው ማን ይናገራል?

የማልቀበለው ሌላ ነገር አለ። ቢሮው የጠየቀው እስከ ሐምሌ 11 ቀን 1921 ተኩስ አቁም ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ትናንት አብረው የተዋጉ ጓዶች እርስ በርስ የተገዳደሉበት የ1922–23 የእርስ በርስ ጦርነት ሆን ተብሎ ተተወ። ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ግን ብዙዎቹ የሚያውቁትን ይዘው ተቀበሩ። የተመዘገበውም ቢሆን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ስለሆነ፣ በጊዜው ከተጻፉት ሰነዶች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ምስክርነቶቹ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ከብሮይ ቃል ይጀምር።