የሙዚቃ ደራሲው ገጠር የሚከርምበት ገንዘብ

አንድ የሙዚቃ ደራሲ «ለገጠር ቆይታ ድጎማ አገኘ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሽልማት ነው፤ መድረክ፣ ጭብጨባ፣ ቼክ። ነገሩ ግን ከሽልማት ይልቅ ለቅጥር ይቀርባል። ደራሲው ለሳምንታት ወይም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ገብቶ ይኖራል። ለሕዝቡ ሙዚቃ ይጽፋል፣ ልጆች ያስተምራል፣ ከነዋሪው ጋር ይለማመዳል። ገንዘቡ የሚገዛለት ጊዜ ነው፦ የቤት ኪራዩና ቀለቡ ከተሸፈነ ሌላ ሥራ ፍለጋ ከዚያ አይነሣም።

አሜሪካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዘ አርትስ የሚባል የፌዴራል መንግሥት ተቋም አለ። ቀድሞ ለደራሲያን በግላቸው ድጎማ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ኮንግረስ ከጥቂት ዘርፎች በስተቀር ለግለሰብ አርቲስቶች የሚሰጠውን ድጎማ አስቀረ። ስለዚህ ዛሬ ደራሲው ብቻውን ማመልከቻ ይዞ ቢሄድ አይሆንለትም፤ የሚያመለክተው የኪነ ጥበብ ማኅበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የከተማው አስተዳደር ነው። ለውጡ ለአርቲስቶች ትልቅ ጉዳት ነበር። ለገጠር ቆይታ ግን አንድ በጎ ጎን አለው ብዬ አምናለሁ፤ ደራሲውን ከሁሉ በፊት ከተማው ራሱ ሊፈልገው ግድ ነው።

ተቋሙ አንድ ዶላር ሲሰጥ በአብዛኛው ተቀባዩም አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ይጠይቃል። ትንሽ ከተማ ይህን ከየት ታመጣለች? መዋጮው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። በነጻ የተፈቀደ አዳራሽ፣ የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓት፣ በዋጋ ተተምኖ ይያዛል። እኛ አገር ትምህርት ቤት ሲሠራ ገበሬው ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ ጉልበቱን ጨምሮ፣ ድርሻው በብር እንደሚሰላው ማለት ነው።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ታሪክ የጄሰፕ ነው። ጄሰፕ በአዮዋ የእርሻ ምድር ያለች፣ በዚያን ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ ተቋም ድጎማ ይንግ ኳርቴት የሚባል የአራት ሙዚቀኞች ቡድን፣ ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው፣ ወደዚያ ሄዱ። ተጫዋቾች እንጂ ደራሲያን አይደሉም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። በሰው ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በባንክ ውስጥ ሳይቀር ተጫወቱ። አድማጩ አንዳንዴ ስድስት ሰው፣ አንዳንዴ ስድስት መቶ ነበር። ቫዮሊን ሳሎንህ ውስጥ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲመታ፣ ተጫዋቹ ትንፋሽ ሲስብ ትሰማለህ። ትልቅ አዳራሽ ይህን አይሰጥም።

ለደራሲያን ደግሞ አሜሪካን ኮምፖዘርስ ፎረም የተባለው ማኅበር ከዚሁ ተቋም ጋር ሆኖ «ኮንቲኔንታል ሃርመኒ» የሚል ፕሮግራም አካሄደ። እ.ኤ.አ. የ2000 መባቻን ምክንያት አድርጎ በሃምሳዎቹም ክፍላተ ሀገር ለሚገኙ ማኅበረሰቦች ደራሲ መደበ።

ደራሲው ወደ ከተማው ከሄደ በኋላ የሚጽፈው ከተማው ላለው ተጫዋች ነው። የትምህርት ቤቱ ባንድ ክላርኔት ሞልቶት ቫዮሊን ከሌለው ለክላርኔት ይጽፋል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንዶች ካነሷቸው፣ ያንን ድምፅ ለሴቶቹ ያዞረዋል። ይህን ለማወቅ ልምምዳቸው ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ አለበት፤ ከሩቅ ሆኖ አይታወቅም። ለቅርበት ጥቅም ሌላ ምሳሌ ልስጥ፤ በደቡብ ዩታ በምትገኘው ስፕሪንግዴል ይኖር የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ቢምስታይን የጎረቤት ገበሬ ስለ ላሞቹ ሲያወራ ቀዳ፤ የላሞቹንም እምቧታ ቀዳ፤ ከዚያ ሙዚቃ ሠራ። ገበሬው እንደ ልቡ ያወራው ለማያውቀው እንግዳ ስላልነበረ ይመስለኛል። ያንኑ ቢምስታይንን የስፕሪንግዴል ነዋሪዎች በኋላ ከንቲባቸው አድርገው መረጡት።