ጾምና ፍስክ በልጆች ምሳ ዕቃ

ዐቢይ ጾም ሲያዝ በአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲም የልጆች ምሳ ዕቃ ይለወጣል። እስከ ቅበላው ድረስ እንቁላል ፍርፍር ወይም መኮሮኒ በሥጋ ይዞ የነበረው ዕቃ ለሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ፍትፍት፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ይሞላል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጹም ተብሎ ባይገደድም ለብቻው ድስት የሚጣድለት ጥቂቱ ነው። ለአብዛኛው ልጅ ይህ የጣዕም ለውጥ ነው። የምግብ አለርጂ ላለበት ግን አደጋው ቦታ ይቀያየራል፤ ወተትና እንቁላል የማይስማማው ልጅ እፎይ ሲል፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው የዓመቱን ከባድ ወራት ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

አለርጂ የሚመጣው ምግቡ መርዝ ስለሆነ አይደለም። የልጁ በሽታ የመከላከል ሥርዓት ለአንድ የምግብ ፕሮቲን አይ ጂ ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ አይ ጂ ኢ በቆዳ፣ በአንጀትና በመተንፈሻ አካላት ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ልጁ ያንኑ ምግብ ደግሞ ሲበላ ፕሮቲኑ ከአይ ጂ ኢው ጋር ይያያዝና ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ባንዴ ይለቃሉ። ከንፈር ያብጣል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ያስመልሳል። ሲከፋ ጉሮሮና ደረት ይታፈናል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ይህን ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ገደማ ይታያል።

ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ልጅ ሁሉ ግን አለርጂ የለበትም። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚሰባብረው ኢንዛይም ሲያንስ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጣል፤ አይገድልም። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ለሳይንቲስቶች ልዩ አገር ናት። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ካደጉ በኋላ ወተት መፍጨት የሚያስችሉ አንድ ሳይሆን በርካታ የዘረመል ለውጦች በሕዝቦቿ ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳይቷል። ትምህርት ቤት ሁለቱን ችግሮች ካምታታ ሆዱ ለሚነፋው ልጅ ይደናገጣል፣ ጉሮሮው ለሚዘጋው ደግሞ ይዘናጋል።

በየሰፈሩ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አለ። ልጅ ሰው ፊት በልቶ ድንገት ሲያስመልሰው ዓይን ነው ይባላል፤ ፊቱ ካበጠ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። አያቶች ሕመሙ መብላትን ተከትሎ መምጣቱን ማስተዋላቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ሐኪም የሚጀምረውም ከዚያው ጥያቄ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ «መርዙን ያረክሳል» ተብሎ የሚሰጠው ወተት ነው። የልጁ አለርጂ የወተት ከሆነ መድኃኒት የተባለው ራሱ ሁለተኛ ጥቃት ይሆናል።

አለርጂ የፈረንጅ ወይም የሀብታም በሽታ ነው የሚለውን አባባል ለመመርመር የኢትዮጵያ ጥናቶች ብዙ አግዘዋል። ጅማ ላይ የተሠራና በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዙ አሳየ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ እዚያው ጅማ የተሠራ ተከታይ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ ይኸው የአተነፋፈስ ችግር አነስ ብሎ መገኘቱን ዘገበ። ከዚያም ቡታጅራ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግቦ ልጆቻቸውን ከልደት ጀምሮ የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። የሐሳቡ መነሻ፣ የአንጀት ትል በሰው አካል ውስጥ ለመቆየት ሲል የመከላከያ ሥርዓቱን ያለዝባል፣ በዚህም የአለርጂን ቁጣ ሳያበርደው አይቀርም የሚል ነው። ይህን ሰምቶ የትል መድኃኒት ልጄ አይውሰድ የሚል ወላጅ እንዳይኖር፤ ትል ደም ይመጥጣል፣ እድገት ያቀጭጫል።

ከዚህ የምርምር ዘርፍ ለወላጅ በቀጥታ የሚጠቅመው ግኝት የመጣው ከጋና ነው። እዚያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶ 17 ያህሉ በደማቸው ውስጥ ለለውዝ የሚሆን አይ ጂ ኢ ተገኘባቸው፤ በቆዳ ምርመራ ምላሽ ያሳዩት ግን ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ትል ነበር። በቢልሃርዚያ ትል ላይ ያሉ ስኳር መሰል ሞለኪውሎች ለውዝ ላይ ካሉት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ትሉን ለመዋጋት የተመረተው አይ ጂ ኢ በላቦራቶሪ ውስጥ ለውዙንም ይይዛል፤ ልጁ ላይ ግን ምንም አያመጣም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ የደም ምርመራ ወረቀት ብቻ ይዞ ለውዝ፣ ስንዴና እንቁላል ከልጁ ገበታ ቢያነሳ፣ የሚበላው ምግብ በጠበበ ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት ፕሮቲን ሊያሳጣው ይችላል። ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ምን በላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ሆነ የሚለው ታሪክ ሲደግፈው ነው።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው እንመለስ። ምግባችን ውስጡ ያለውን አይናገርም። ሽሮ ሽምብራ ነው፣ ባቄላ ነው፣ አተር ነው፣ አንዳንዴ ጓያም አለበት፤ ቅመሙን የምታውቀው ያስፈጨችው እናት ናት፣ ከገበያ የተገዛ ከሆነ እሷም አታውቅም። ወፍጮ ቤቱ ከስንዴ ቀጥሎ ጤፍ፣ ከለውዝ ቀጥሎ ሽሮ ይፈጫል። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፤ የሚሸጠው እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል «ጤፍ ነው» መባሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። አብሽ ከለውዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ለውዝ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች አብሽም ሲቀሰቅስባቸው ታይቷል። ጎጃም ውስጥ እንደ ቆሎ የሚቆረጠመው ግብጦም እንዲሁ የለውዝ ዘመድ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ እንዲጻፉ ካዘዛቸው 14 አለርጂ ቀስቃሾች አንዱ ነው። ሰሊጥም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አሜሪካም ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ አስገብታዋለች። የሁመራ ሰሊጥ ውጭ አገር ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ እዚህ ዳቦ ላይ ተነስንሶ ሲሸጥ ማንም አያነሳውም።

ውጭ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች የመረጡት መፍትሔ እገዳ ነው፤ ለውዝ ያለበት ነገር በጭራሽ ከቤት አይምጣ። ቀላልና ቆራጥ ይመስላል። ነገር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ ያወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ማስረጃውን አገላብጦ፣ ትምህርት ቤቶች አንድን ምግብ በጠቅላላ ከማገድ ይልቅ ሠራተኞቻቸውን እንዲያሠለጥኑና አድሬናሊን እንዲያስቀምጡ መክሯል። የማስረጃው ጥራት ደካማ መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። ቢሆንም ለአቃቂ ቃሊቲ ምክራቸው ትክክል ይመስለኛል። በጾም ሽሮና ለውዝ ብትከለክል ምን ይቀራል? እናት በሌሊት ተነስታ ወደ ፋብሪካ በምትሄድበት ቤት፣ በርካሽ የሚገኘውን ፕሮቲን የሚያግድ ደንብ የሚጎዳው ድሃውን ልጅ ነው።

ከእገዳ ይልቅ እጃችን ላይ ያለ ልማድ አለን። ልጆቻችን ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ፤ አደጋውም ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ልጆች ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እንደማይቀላቀል፣ ለሚጾም ጓደኛ በቅቤ የተሠራ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። ማንም ሳይቆጣ «ይሄ ያንተ አይደለም» ይባባላሉ፣ ወዳጅነታቸውም አይላላም። የምግብን ድንበር እንዲህ አክብሮ ያደገ ልጅ «ሳሙኤል እንቁላል አይበላም፣ ያመዋል» የሚለውን ለመረዳት ፖስተር አያስፈልገውም፤ መምህሯ አንድ ጊዜ ከነገረችው ይበቃል። አለርጂ ያለበትን ልጅ ለብቻው ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጁን ያሳፍረዋል፣ ሕመሙንም እንዲደብቅ ያስተምረዋል።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነገሩ ከምሳ ዕቃ ያልፋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት በሚያካሂደው ምገባ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፤ ድስቱ አንድ፣ ተመጋቢው ብዙ ነው። እዚህ ዋናዋ ባለሙያ መጋቢዋ እናት ናት። ወጡ ውስጥ ምን እንደገባ በእርግጠኝነት የምታውቅ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የልጆቹ ስምና የማይስማማቸው ምግብ ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ ይልቅ እሷ ማብሰያ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይሻላል። ጭልፋ መለየትም ዋጋ አለው፤ እንቁላል የነካ ጭልፋ ምስሩን ከጾም አውጥቶ ይበክለዋል፣ ይህን ማንኛዋም የጾም ወጥ ሠሪ ታውቀዋለች።

ቤት ውስጥ ጨቅላ ላላቸው ደግሞ ሳይንሱ አቋሙን የለወጠበት አንድ ጉዳይ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ ሦስት ዓመት ለውዝ እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊፕ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት ይህን ገለበጠው፤ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ለውዝ አዘውትረው በበሉት ላይ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የለውዝ አለርጂ በ80 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ለጨቅላ የሚሰጠው ገንፎ ውስጥ የተቀላቀለ ልም ለውዝ ነው፤ ፍሬው እንዳለ ከተሰጠ ያንቀዋል። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ጨቅላ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ሁሉ ነገር ተጠንቅቆም አንድ ቀን ስህተት ይመጣል። በእንግሊዝ አገር በምግብ አለርጂ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ከመብላት እስከ ትንፋሽ ወይም ልብ መቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ 30 ደቂቃ መሆኑን አግኝቷል። በቃሊቲ መንገድ ከጭነት መኪኖቹ ጋር ለተጋፋ ሰው ይህ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ግልጽ ነው። የሚያድነው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ አናፊላክሲስን አያቆምም። በብዙ ታዳጊ አገሮች ወላጅ በኪሱ የሚይዘው ራሱ የሚወጋ መርፌ ስለማይገኝ፣ ያለው አማራጭ በሠለጠነ ጤና ባለሙያ እጅ ያለው ብልቃጥ ነው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም ሲሆን፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ከሆነው ብልቃጥ 0.2 ሚሊሊትር ጭኑ ጡንቻ ላይ በውጭ በኩል ይወጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የቅርቡ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነና አድሬናሊን እንዳለው፣ ማታ ወይም በበዓል ከሆነም ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና የማን እንደሆነ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እስኪደርሱ ልጁ እግሩ ከፍ ተደርጎ ይተኛ፤ ትንፋሽ ካጠረው ተደግፎ ይቀመጥ፤ አይቁም፣ አይራመድ። ከተወጋ በኋላ ቢሻለውም ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ያን ቀን ወደ ክፍል አይመለስም፤ ጤና ተቋሙ ውስጥ በክትትል ይቆያል።