ከ48 ሰዓት በኋላ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው ደንብ በኢሕአዴግ ዘመን የተወለደ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ቀድሞ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነበር። ከፍርድ ቤት የሁለት ቀን የእግር መንገድ ለራቀ ሥፍራ ዳኛው ጊዜውን ማራዘም ይችል ነበር። ደንቡ ግን ደርግን አልገታውም፤ ሕገ መንግሥቱ በታገደ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ የቀድሞ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መብቱን አሰፋው። አንቀጽ 19 ዝም የማለትና የዋስትና መብት፣ አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለና የተፈረደበት ሰው በቤተሰቡ፣ በወዳጁ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ሰጠ።

ችግሩ የሚጀምረው ችሎት ከቀረቡ በኋላ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጥ ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አያልፍም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይወስንም። ስለዚህ መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» እያለ ይመላለሳል። ዋስትና ቢፈቀድም አስተማማኝ አልነበረም፤ በ1993 ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና ተጠርጥረው ለታሰሩት የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ግን ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ የፀረ ሙስና ሥነ ሥርዓት ሕጉም ዋስትና እንዲከለክል በጥድፊያ ተሻሻለ። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ባሰበት፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ድምሩም እስከ አራት ወር እንዲደርስ ፈቀደ። አዋጁ በ2012 በሌላ ተተካ፤ የፌዴራል ፖሊስ የምርመራ እስር ቤት የነበረው ማዕከላዊም በ2010 ተዘግቷል።

ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ስድስት የፌዴራል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወጡ። አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለ ጊዜም አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አለ፤ አንቀጽ 19 የለም። ይህ በሕጉ ውስጥ ያለ ትልቁ ክፍተት ነው።

አዋጅ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ፍርድ ቤት ዋስ ፈቅዶ ፖሊስ አለመልቀቁ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ ያወጣው ቅሬታ ነው። በእኔ እይታ ከሕጉ እጥረት ይልቅ ትእዛዝ የሚጥስን ሹም የሚጠይቅ መጥፋቱ ይከፋል።

ቤተሰብ የታሰረበት አንባቢ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግብ። ፖሊስ በጊዜው ካላቀረበው፣ አካል ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤት መጠየቅ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 የተሰጠ መብት ነው።