አርባው ከወጣ በኋላ

ለቅሶ ቤት ስለ ንብረት አይወራም። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ወደየአገሩ ሄዶ አርባው ሲወጣ ግን ከልጆቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቤቱ ካርታ ማን ጋ ነው ያለው?» ይላል። የቤተሰብና የውርስ ጠበቃ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሐዘኑን ቀጠሮ ያውቀዋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ ሕጉ ኑዛዜ የሚከፈትበትን ጊዜ ሲወስን ሟች ባረፈ በአርባኛው ቀን ብሏል።

ባለጉዳይ ጠበቃ ቢሮ የሚደርሰው ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ነው። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የእድር ደብተር ይኖራል። አንዳንዴም አራት ላይ ታጥፎ ማጠፊያው የሳሳ ኑዛዜ ከመሀል ይወጣል። ልጆቹ ዓይናቸው የሚሄደው ቤቱ ለማን፣ መኪናው ለማን የሚለው ላይ ነው። ልምድ ያለው ጠበቃ ግን ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ያነበዋል። ስንት ምስክር ፈርሟል? ቀኑ ተጽፏል? ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚናገር ቃል አለ?

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ስንት ቤተሰብ አፋጅታለች! በሕጉ አንቀጽ 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑም በራሱ በጽሑፉ ላይ ካልተመለከተ ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አባት አስበውበት፣ ልጆቻቸውን እኩል አድርገው፣ ጎረቤት ጠርተው ያስጻፉት ኑዛዜ «ተነቦልን» የምትል ቃል ስለጎደለችው ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ሟች ተነሥቶ «እንዲህ ነበር ያልኩት» ሊል ስለማይችል፣ በሱ ፋንታ የሚናገረው የወረቀቱ ሥርዓት ነው።

ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ምስክር አያሻውም፤ ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ መሆን አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ በዚያ የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ግን ከ500 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ከፍ ያለ ገንዘብ የነበረው 500 ብር ዛሬም በሕጉ ላይ እንዳለ ነው። አልጋ ላይ ሆነው «ቤቴን ለእንትና» ብለው ያረፉ እናት ቃላቸው ልብ ይነካል፤ ቤቱን ግን አያሻግርም።

በየጠበቃው ቢሮ የሚደጋገም ሌላ ትዕይንት አለ። ባለቤታቸው ያረፉ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ወራሽ አይደሉም» ይላቸዋል ጠበቃው፣ በተቻለው መጠን ድምፁን አለስልሶ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ?»

«ይቆዩኝማ። የባልዎን ላይወርሱ ይችላሉ፤ የራስዎን ግን ማንም አይወስድብዎትም።»

ይህን ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል፤ መፍጠንም አያስፈልግም። በሕጉ ያለ ኑዛዜ ሲወረስ መጀመሪያ የሚጠሩት ልጆች ናቸው። ልጅ ከሌለ ወላጆችና የነሱ ተወላጆች፣ ከዚያም አያቶች ይከተላሉ። ባል ወይም ሚስት በዚህ ተራ ውስጥ የሉም። በትዳር ዘመን የተፈራው ንብረት ግን የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ ስለ ውርስ ከመነሣቱ በፊት የጋራው ንብረት ለሁለት ይከፈላል። 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ቢኖር 4 ሚሊዮኑ ከመነሻውም የእማማ ነው፤ ለልጆች የሚተላለፈው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ሲገባቸው የእናትየው ትከሻ ሲላላ ማየት ለጠበቃው ትልቅ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ቤተሰብ እናቱንና ልጁን ለዓመታት ችሎት ያመላልሳል።

ከቀብር በኋላ ድንገት ብቅ የሚል ወራሽም አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባትነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል፤ የወራሽ ፆታ፣ ዕድሜና ዜግነትም ልዩነት አያመጣም። ያኔ ክርክሩ ወደ ማስረጃ ይዞራል። ፎቶግራፍ ይቀርባል፣ ጎረቤት ይመሰክራል፣ አልፎ አልፎም የዲኤንኤ ምርመራ ይታዘዛል። «ሚስቱ ነበርኩ» የምትል ሴት የጋብቻ ወረቀት ከሌላት አብረው እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ይጠበቅባታል። ያለ ጋብቻ አብረው ለኖሩም ቢሆን፣ ኑሮው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተፈራው የጋራ ይሆናል።

ጠበቃው ሰዓትም ይቆጥራል። ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ዝም ካለ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። በይሉኝታ የቆየ፣ «ታላቄን እንዴት እከሳለሁ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የሙያው ሌላው ግማሽ ትዳር ነው። በ1952ቱ ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፤ ፍቺን የሚወስኑትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ፤ የመፋታት ውሳኔም ወደ ፍርድ ቤት መጣ። ለለውጡ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አጥብቆ ታግሏል። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ተከራካሪዎቹ ሙስሊም ሆነው ከተስማሙ ደግሞ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። እናም ጠበቃው ክስ ከመጻፉ በፊት የትኛው ሕግ፣ የትኛው ፍርድ ቤት የሚለውን ይለያል።

ልጅ የማሳደግ ክርክር ከሁሉም ይከብዳል። በ2000 ዓ.ም. የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ ለዓመታት ያልነበረው አባት መጥቶ ልጁን ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነትን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ከሁሉ በፊት የልጁ ጥቅም ይታይ አለ፤ ልጁም ካሳደገችው ጋር ቀረ። የሰበር የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ጠበቃው የውሳኔዎቹን ቅጾች ከሕጉ መጽሐፍ እኩል ያገላብጣል።

በእንግሊዝ ባለጉዳይ ተቀብሎ ሰነድ የሚያዘጋጀው ሶሊሲተር፣ ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ደግሞ ባሪስተር ይባላል። በኢትዮጵያ ሁለቱን የሚሠራው አንድ ሰው ነው። የሕግ ዲግሪ ይዞ፣ ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣል። «የውርስ ጠበቃ» የሚያሰኘው ግን ዓመታት የያዛቸው መዝገቦች ናቸው። ብዙዎቹ በዳኝነት ወይም በዐቃቤ ሕግነት ያለፉ ናቸው። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠበቃ የሚሠራው በግሉ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1249 ከወጣ ወዲህ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዷል። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አቅም ለሌላቸው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዝዞ ነበር። ቀለብ የተከለከለች እናትና ከቤት የተገፋች ባልቴት በዚህ በኩል ጠበቃ ያገኛሉ።

ዛሬ ወራሾች አንድ ከተማ አይኖሩም። አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዱ ቴል አቪቭ፣ ሌላዋ ዱባይ ናት። ውክልናው በኤምባሲ በኩል ይመጣል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም እስኪያርፍበትም ይጠበቃል። ዜግነት የለወጠ ልጅ ከመውረስ አይታገድም፤ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ስለነበር ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው፣ ቤቱን ይዞ ለማቆየት ወሳኝ ሆኖ ቆይቷል።

ከሁሉ የሚወደደው የሥራ ቀን ሰው በሕይወት ሳለ የሚመጣበት ነው። አባት ልጆቻቸውን ሳይነግሩ ቢሮ ይመጣሉ፤ ረቂቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታረማል። በቀጠሮው ቀን አራቱ ምስክሮች ይገባሉ። ዕድሜያቸውና መታወቂያቸው ይታያል፤ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ መረዳታቸው ይጠየቃል። ስልክ ሊያነሣ ወደ በሩ ያመራውን ምስክር ጠበቃው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቀመጡልኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነባል። ሲጨርስ አባትየው በግራ እጃቸው መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ በቀኛቸው «ተነቦልን ትክክል መሆኑን አረጋግጠን» ከምትለው መስመር ሥር ይፈርማሉ፤ እስክሪብቶውም ወደ አንደኛው ምስክር ይተላለፋል።