የባሕር አኔሞን በቤት ውስጥ ለማኖር የሚስማማውን መብራት ስለ መምረጥ

በስኮትላንድ አገር ኖርዝ ቤሪክ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ በ1828 ዓመት (ከዚህም በታች የሚጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ሰር ጆን ዳልዬል የሚባሉ የተፈጥሮ ዐዋቂ ከባሕር ዳር አንዲት ትንሽ አኔሞን አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በትንሽ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ የባሕር ውሃ ጨምረው አኖሯት፤ ውሃውም በየጊዜው ይለወጥላት ነበር። ሰር ጆን በ1851 ዓመት ሞቱ፤ እርሷ ግን አልሞተችም። ከአንዱ ዐዋቂ እጅ ወደ ሌላው ዐዋቂ እጅ እየተላለፈች፥ በመጨረሻም በኤዲንብራ ከተማ ባለው የመንግሥት የአትክልት ስፍራ ተጠብቃ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን ወልዳ በ1887 ዓመት ሞተች። ሰዎችም ከዕድሜዋ ርዝመት የተነሣ «አያት» ብለው ይጠሯት ነበር፤ መሞቷም በጋዜጣ ተጽፎ ነበር።

ይህን ታሪክ አስቀድመን ማንሣታችን አኔሞን ለጥቂት ሳምንት የሳሎን ጌጥ ሆና የምትጣል ነገር አለመሆኗን ክቡራን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን ነው። በደኅና የተያዘች እንደ ሆነ ከጌታዋ በኋላ ልትኖር ትችላለች። በክፉ የተያዘች እንደ ሆነ ግን በዐይናችን ፊት ቀስ በቀስ በረኃብ ትሞታለች፤ የዚህም ረኃብ ምክንያት ብዙ ጊዜ የምግብ ማነስ ሳይሆን የመብራት አለመስማማት ነው።

አኔሞን በመልኳ አበባ ትመስላለች እንጂ አበባ አይደለችም፤ እንስሳ ናት። በአንድ እግሯ በድንጋይ ላይ ትጣበቃለች፤ በአፏ ዙሪያ ጣት የሚመስሉትን ክንዶቿን ዘርግታ የሚያልፈውን ትንሽ ፍጥረት በመርዝ ነድፋ ትይዛለች። የዳልዬል አኔሞን የቀዝቃዛ ባሕር ፍጥረት ስለ ነበረች ኑሮዋ ሁሉ በዚህ አደን ላይ ነበር፤ የክፍሉ ብርሃን መብዛትና ማነስ ከምግቧ ጋራ ጕዳይ አልነበረውም።

ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ፥ በዐረብ አገሮችም ሰዎች በጨው ውሃ ገንዳ የሚያኖሯቸው አኔሞኖች ግን አብዛኞቹ የሞቃት ባሕር ልጆች ናቸው። ከነዚህም እጅግ የታወቀችው በላቲን ቋንቋ ኤንታክሜያ ኳድሪኮለር የምትባለው ናት፤ የክንዶቿ ጫፍ እንደ ፊኛ ያበጠ ስለ ሆነ በቶሎ ትለያለች። ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቋት ኤድዋርድ ሩፔልና ፍሪድሪክ ሎይካርት የተባሉ የጀርመን ሰዎች ሲሆኑ፥ ጽሑፋቸውም የወጣው ዳልዬል የራሳቸውን አኔሞን ባነሡበት በዚያው በ1828 ዓመት ነው። ያገኟትም በቀይ ባሕር ነበር። እኒህ ሩፔል ከሦስት ዓመት በኋላ ምጽዋ ወርደው እስከ ጐንደር ድረስ የዘለቁት መንገደኛ ናቸውና ስማቸው ለአገራችን ታሪክ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ የሞቃት ባሕር አኔሞን ከዳልዬሏ አኔሞን የምትለይበት ምሥጢር በሥጋዋ ውስጥ ነው። በሥጋዋ ውስጥ ያለ ማጕሊያ መስተዋት የማይታዩ፥ ቡናማ መልክ ያላቸው እጅግ ብዙ አልጌዎች ይኖራሉ። ካርል ብራንት የሚባሉት የጀርመን ሊቅ በ1881 ዓመት ዞክሳንቴላ ብለው ስም አወጡላቸው። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረቶች የአኔሞኗን እስትንፋስና ከሰውነቷ የሚወጣውን ቆሻሻ ተቀብለው፥ በብርሃን ኀይል ስኳርና ሌላም ምግብ ይሠሩበታል፤ ከሠሩትም ብዙውን ክፍል ለርሷ ይሰጣሉ። ነገሩ እንደ ባለርስትና እንደ ገባር ነው፤ ባለርስቷ ማደሪያና ጥበቃ ትሰጣለች፥ ገባሮቹም ከምርታቸው ያገባሉ። ፀሐይ ያልወጣ እንደ ሆነ ግን ምርት የለም፤ ባለርስቷም ትራባለች።

ክፋቱ ይህ ረኃብ በአንድ ቀን የሚታይ አለመሆኑ ነው። መብራቱ ያነሰባት አኔሞን በመጀመሪያ ብርሃን ፍለጋ ቁመቷን ትዘረጋለች፥ ከቦታዋም ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ቡናማው መልኳ እየሳሳ ይሄዳል፤ አልጌዎቹ እያለቁ ሲሄዱ ሥጋዋ ይነጣል። ያን ጊዜ የማያውቅ ሰው «ምንኛ አማረች!» ብሎ እንግዶቹን ጠርቶ ያሳያል። እርሷ ግን በየወሩ ታንሳለች፤ ትልቅ ሳሕን ታኽል የነበረችው የቡና ስኒ ታኽላለች። ባለቤቱም ስለ ውሃው፥ ስለ ጨዉና ስለ ምግቡ ይጨነቃል፤ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን መብራት ግን አይጠረጥርም።

ለምን አይጠረጥርም ቢሉ፥ ዐይኑ ስለሚያታልለው ነው። የሰው ዐይን ከብርሃን ሁሉ ይልቅ አረንጓዴና ብጫ የሆነውን አጕልቶ ያያል፤ አልጌዎቹ ግን አብልጠው የሚጠቀሙበት ሰማያዊውን ብርሃን ነው። ይህም የሆነው በባሕር ጠባይ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትር ጥልቀት ውስጥ ውጦ ያስቀረዋል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ለእኛ ቦግ ብሎ የሚታየን የብጫ መብራት ለአኔሞን ሊያንሳት ይችላል፤ ለእኛ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ መብራት ደግሞ ለርሷ የሚያቃጥል ቀትር ሊሆን ይችላል። ብዙ አርቢዎች በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ቍጥር አይተው ይገዛሉ፤ ነገር ግን ዋት መብራቱ የሚበላውን የኤሌክትሪክ መጠን ይነግራል እንጂ ለእንስሳዪቱ የሚደርሳትን ብርሃን አይነግርም።

ትክክለኛው መለኪያ አልጌ ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን ብቻ የሚቈጥረው መሣሪያ ነው። ቍጥሩም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰኮንድ ስንት ማይክሮሞል ብርሃን እንደሚወድቅ ያስረዳል። የሞቃት አገር የቀትር ፀሐይ በባሕሩ ፊት ላይ 2000 ያኽል ይደርሳል፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ለኤንታክሜያ ልምድ ያላቸው ሰዎች እርሷ ባለችበት ቦታ ከ100 እስከ 250 ያኽል ይሰጧታል። ሄተራክቲስ ማግኒፊካ የምትባለው ታላቂቱ አኔሞን በተፈጥሮዋ በግልጥ ቦታ ላይ የምትቀመጥ ስለ ሆነች ከዚህ የሚበልጥ ብርሃን ትሻለች፤ ለጀማሪ ሰውም አትሆንም። መሣሪያው ዋጋው ውድ ነውና መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ከዕቃ ሻጩ ወይም ከሌላ አርቢ ለአንድ ቀን ተውሶ የገንዳውን ማዕዘን ሁሉ ለክቶ በወረቀት መጻፍ ይበቃል።

በገበያ የሚገኙት መብራቶች ሦስት ዐይነት ናቸው። ሜታል ሃላይድ የሚባለው አምፖል በ150፥ በ250 እና በ400 ዋት የሚሠራ ሲሆን ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ በውሃው ላይ ሲወድቅም እንደ እውነተኛ ፀሐይ ያንጸባርቃል። ነገር ግን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ውሃውንም ያሞቃል፤ የአኔሞን ውሃ ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው መካከል መቈየት አለበት። ሙቀት በበዛ ጊዜ ብርሃኑ የተስማማ ቢሆን እንኳ አልጌዎቹ ከሥጋዋ ይወጣሉ። ሁለተኛው ፍሎረሰንት ነው፤ ቀጭኑ ቲ5 የሚባለው ብርሃኑን በገንዳው ሁሉ አስተካክሎ ያለብሳል፤ ጥልቀቱ ላነሰ ገንዳ መልካም ነው። ጕድለቱ ዐይን ሳያየው ቀስ እያለ መድከሙ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አርቢዎች በየዓመቱ ገደማ ይለውጡታል።

ሦስተኛውና ዛሬ ከሁሉ የበለጠው ኤል ኢ ዲ ነው። ሹጂ ናካሙራ የሚባሉት የጃፓን ሰው በ1993 ዓመት ብርቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ ሠሩ፤ ስለ ሰማያዊው ብርሃንም ከአካሳኪና ከአማኖ ጋራ በ2014 ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ለቤት መብራት ጥቅም የተሰጠ ቢሆንም የባሕር አልጌ የሚወደው ያንኑ መልክ ስለ ሆነ የአኔሞን አርቢዎችም ከዚህ ተካፋዮች ሆኑ። ኤል ኢ ዲ የሚበላው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ኀይሉንም እንደ ወደዱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ለእኛ ምክር ጠይቆ አዲስ ለሚጀምር ሰው ይህንኑ እንዲገዛ እንነግረዋለን። ነገር ግን ሁሉ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አንድ አይደለም፤ በመስኮትና በሱቅ የሚሰቀለው ነጭ መብራት ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ብርሃኑን በጠባብ ቦታ የሚሰበስብ መስተዋት ያለበትም እንደ ሆነ አንዱን ድንጋይ ያቃጥላል፥ አጠገቡ ያለውን በጥላ ይተዋል።

መብራቱ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከምርጫው ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አኔሞን ከመግባቷ በፊት ገንዳው ብዙ ወራት ሠርቶ ውሃው መርጋት አለበት። ድንጋዩም ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው፥ ብርሃን ያገኘውና ጥላ የሆነው ተደባልቆ መደርደር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ቦታዋን የምትመርጥ እርሷ ናት እንጂ ባለቤቱ አይደለም። በመጣችበት ቀን መብራቱን በሙሉ ኀይሉ ማብራት ትልቅ ስሕተት ነው። በሻጩ ዘንድ በደብዛዛ ቦታ ሰንብታ በድንገት በብርቱ ብርሃን ስትመታ አልጌዎቿ ይታመማሉ፤ የሚሠሩት ኦክሲጅን ራሱ መርዝ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ከሙሉው ኀይል እኩሌታ ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይበል።

በነዚያ ሳምንቶች ጠባይዋን መመልከት ነው። ብርሃኑ የበዛባት ትጨማደዳለች፥ ወይም ከድንጋይ ሥር ገብታ ትሸሸጋለች፤ ያነሰባት ተዘርግታ ወደ ላይ ትወጣለች። የተስማማት ግን እግሯን በስንጥቅ ውስጥ አስገብታ ክንዶቿን ወደ ብርሃኑ ትገልጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ለወራት አትነቃነቅም። እየተንቀሳቀሰች ሳለች በእጅ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መመለስ እግሯን ይቀዳል፤ የተቀደደ እግርም ብዙ ጊዜ የሞት ምክንያት ነው። ይልቅስ ፓምፑ ውሃ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ መሸፈን ይሻላል፤ ሌሊት ስትዞር ወደዚያ ቀርባ ተስባ የተቈራረጠች አኔሞን የገንዳውን ዓሣ ሁሉ ይዛ ትሞታለችና።

መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበራል፤ ሌሊቱን ጨለማ መሆን አለበት። እጅን ከማመን ሰዓት ቈጣሪ ማብሪያ ማኖር ይበልጣል፤ የቤቱ ጌታ በሥራ ወይም በመንገድ ሲዘገይ አኔሞኗ የቀኗን መጠን አታጣም። ገንዳውን በመስኮት ፊት አኑሮ በፀሐይ መተማመን ግን አይበጅም፤ ፀሐዩ ውሃውን ያግላል፥ መስተዋቱንም አረንጓዴ ያለብሰዋል። የገንዳው ክዳን መስተዋት ቢሆን የጨው እንፋሎት እየደረቀ ብርሃኑን ስለሚጋርድ በየሳምንቱ ይወልወል። ውሃው ሲሰነብት ጥቂት ብጫ ይሆናል፤ ይህም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ከሰል ተጨምሮ ውሃው በአንድ ቀን የጠራ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ በድንገት እንደ ጨመረ ይቈጠራልና፥ የዚያን ሳምንት መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ይህችን ነገር ብዙ የሠለጠኑ ሰዎች እንኳ ይረሷታል።

ብርሃን በሞላበትም ምግብ አይቀርም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ትንሽ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቍራጭ ይሰጣት።

ስለ መግዛትም አንድ ቃል እንጨምር። በሻጭ ዘንድ እንደ ወተት የነጣች ወይም እንደ ሎሚ ደማቅ ብጫ የሆነች አኔሞን ስታዩ አትቸኩሉ። የነጣችው አልጌዋን ያጣች ናት፤ ብጫዎቹም አንዳንዶቹ ነጥተው በቀለም የተነከሩ ናቸው። ርኅራኄ ተሰምቶት የሚገዛ ሰው አለ፤ ልቡን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሻጩ በዚያች ቦታ ሌላ ታማሚ እንደሚያመጣ ይወቀው። ቡናማ ቅላት ያለባትን፥ አፏ የተከደነውን፥ ሲነኳት ክንዷ የሚጣበቀውን መምረጥ ነው። ገንዘቡም ለሁለቱ የማይበቃ የሆነ እንደ ሆነ ዘንድሮ መብራቱን፥ ለከርሞ አኔሞኗን ይግዙ።

የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ መብራቱ በጽኑ ብረት ይሰቀል፤ ሽቦውም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውረድ፤ ያን ጊዜ በሽቦው ላይ የሚወርደው ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ቤት ደግሞ የመብራቱ መጥፋት አያስደንግጥ፤ አኔሞን ቀኑን ሁሉ ብትጨልም አትሞትም። የሚያስፈራው የውሃው አለመንቀሳቀስ ነው፤ በጨለማ አልጌዎቹ ኦክሲጅን መስጠታቸውን ትተው ራሳቸው ይስባሉና። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝቶ ከገንዳው በታች በሣጥን ማስቀመጥ ነው፤ ባትሪውም ደኅና መሆኑ በየወሩ ይታይ።